«ሲስተሙ አልተቀበለሽም»

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ወደ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ የአክስቴ ልጅ ‹አካውንቴ ችግር ስላለበት አንድ ቼክ በአንቺ በኩል አስገቢልኝ› ብሎ ለመነኝ። 2,400 ዶላር ነበር። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስገባሁት። በማግስቱ ገንዘቡ ሲታየኝ 2,000ውን በዜል ላክሁለት። ከሳምንት በኋላ ቼኩ ተመለሰና አካውንቴ ወደ 1,900 ዶላር ከዜሮ በታች ወረደ። ከባንኩ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ፈርቼ አልከፈትኩትም። ከዚያ ቤት ቀየርኩ፣ ነገሩም የቀረ መሰለኝ። አሁን ግን የትም ባንክ ብሄድ ‹ሲስተሙ አልተቀበለሽም› ነው መልሱ። ደመወዜ የሚገባው በወንድሜ አካውንት ነው። እሱ ደግሞ ከሚስቱ ጋር ሊፋታ ነው። ከሁለት ወር በኋላ የ12,000 ዶላር እቁብ ይወጣልኛል። ቲክቶክ ላይ ያገኘሁት ሰው ‹600 ዶላር ክፈይና ስምሽን አጸዳልሻለሁ› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በ16 ዓመት ልጅሽ ስም ክፈቺ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል? ስሜን አይጻፉብኝ፤ እዚህ አገር ሁሉም ይተዋወቃል።»

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ጥቂት ቀን ይታገሣል፤ ሁለቱን ነገር ግን አሁኑኑ ላስጥልሽ። ለቲክቶኩ ሰውዬ 600 ዶላር አትክፈይ። በልጅሽ ስምም አካውንት አትክፈቺ።

ሰውዬው የሚሸጥልሽ ወይ ራስሽ በነፃ የምትሠሪውን ነው፣ ወይ ወንጀል ነው። በነፃ የሚሠራውን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ወንጀሉ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽ ፈንታ «አዲስ ቁጥር» ሰጥቶ፣ በዚያ ቁጥር ማመልከቻ ሲያስሞላሽ ነው። ለባንክ የሐሰት ቁጥር መስጠት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ የሚጠየቀውም ማመልከቻው ላይ የፈረመው ሰው ነው። ክሬዲት እናስተካክላለን የሚሉ ድርጅቶች ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ሕግ ይከለክላቸዋል። «መጀመሪያ ክፈይ» ሲልሽ ማን እንደሆነ ነግሮሻል።

ስለ ልጅሽ ደግሞ፣ 16 ዓመት ለሞላው ልጅ አብዛኛው ባንክ ዐዋቂ አብሮ ካልፈረመ አይከፍትም። ያ ዐዋቂ አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ ያው ስምሽ ተመልሶ ይጣራል። ቢሳካልሽ እንኳ የአንቺ ደመወዝና የአንቺ እቁብ በልጅቷ ስም ሲመላለስ ቆይቶ፣ አንድ ነገር የተበላሸ ዕለት ኮሌጅ ሳትገባ አንቺ ያለሽበት መዝገብ ላይ ትገባለች።

አሁን ወደ «ሲስተሙ» እንምጣ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ይህን ቃል ስትነግርሽ ብዙ ጊዜ እሷም ከዚያ በላይ አታውቅም፤ ስክሪኑ ላይ የወጣላትን ነው የምታነብልሽ። ከስክሪኑ ጀርባ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ኩባንያዎች አንዱ ነው። አንዱ ቼክስ ሲስተምስ ይባላል። ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች (ባለቤቶቹ አባላቱ የሆኑ እንደ ባንክ የሚሠሩ ማኅበራት) የዘጓቸውን አካውንቶች፣ ሳይከፈል የቀረውን ሒሳብና ማጭበርበር ነው ብለው የጠረጠሩትን ሁሉ ወደዚያ ይልካሉ፤ አዲስ ሰው ሲመጣም ከዚያ ያያሉ። መዝገቡ ላይ የገባ ነገር እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ሁለተኛው ኧርሊ ዎርኒንግ ሰርቪስስ ነው። የዚህ ባለቤቶች ሰባት ትልልቅ ባንኮች ናቸው፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ፣ ቼዝ፣ ዌልስ ፋርጎ፣ ካፒታል ዋን፣ ፒኤንሲ፣ ትሩዊስትና ዩኤስ ባንክ። እዚያ ደግሞ እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ገንዘቡን ለአክስትሽ ልጅ የላክሽበት ዜልም የዚሁ ኩባንያ ነው።

ይህ ከክሬዲት ነጥብሽ ጋር አንድ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን ነጥብ የሚያሳየው ክሬዲት ካርማ የተባለ መተግበሪያ ላይ ገብተው 720 ያዩና «ክሬዲቴ ጥሩ ነው፣ ለምን ከለከሉኝ?» ይላሉ። የባንክ አካውንት መዝገብ ሌላ ፋይል ነው፣ ሌላ ቤት ነው የሚቀመጠው። ሁለቱም ግን የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው፤ እ.አ.አ. በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ሁለቱንም ይይዛቸዋል። ለአንቺ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ስለ አንቺ የተጻፈውን የማየት፣ ስሕተት ከሆነም የመቃወም መብት በሕግ አለሽ ማለት ነው።

እስካሁን በየባንኩ እየሄድሽ ያመለከትሽው በጭፍን ነው። ስለ አንቺ ምን እንደተጻፈ ሳታውቂ በር አንኳኳሽ፤ የእያንዳንዱ ባንክ ጥያቄም በዚያው ፋይል ላይ ይመዘገባል። በአጭር ጊዜ ብዙ ቦታ ያመለከተ ሰው ደግሞ ጥርጣሬ ያስነሳል። ስለዚህ ፋይሉን እስክታይ ድረስ ሌላ ባንክ አትሂጂ።

ፋይሉን ለማየት ሁለቱንም ኩባንያዎች ሪፖርትሽን ጠይቂ። በድረ ገጻቸውም፣ በስልክም፣ በፖስታም ይሆናል፤ ክፍያ የለውም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና አድራሻ ይጠይቁሻል። የድሮውን አድራሻም ጨምሪ፣ ቤት ቀይረሻልና ፋይሉ በአሮጌው ሊሆን ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ለማንም ሰው በነፃ ይሰጣል። ከዚያ በተጨማሪ ባንክ በዚያ ሪፖርት ምክንያት ሲከለክልሽ የየትኛውን ኩባንያ ሪፖርት እንዳየ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሊሰጥሽ ግዴታው ነው፤ ማስታወቂያው ከደረሰሽ በኋላ ባሉት 60 ቀናትም ሪፖርቱን በነፃ ማግኘት ትችያለሽ። የከለከሉሽ ባንኮች በኢሜይል ልከውልሽ ሳታዪው ቀርተሽ ይሆናል። ኢሜይልሽን ፈልጊ፣ ቆሻሻ የሚገባበትንም ጭምር።

ሪፖርቱ ሲመጣ ከገንዘቡ ልክ በፊት ምክንያት የሚለውን እዪ። የአንቺ ዓይነቱ ነገር በሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። አንደኛው አካውንቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ሳይከፈል ቀረ የሚል ነው። ሁለተኛው ማጭበርበር ተጠርጥሯል የሚል ነው። ለባንክ በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ዕዳ ከፍሎ የሚወጣውን ሰው ብዙ ባንክ ይቀበላል፤ የማጭበርበር ምልክት ያለበትን ግን ለሁለተኛ ዕድል የተዘጋጀ አካውንት እንኳ ይመልሰዋል። ይህን ልዩነት ባንኮቹ ራሳቸው ይስቱት ነበር። በ2014 እና በ2015 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከካፒታል ዋንና ከሌሎች ትልልቅ ባንኮች ጋር የተስማማው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ጥቂት ዶላር ዕዳ ያለበትን ሰው ከአጭበርባሪ ጋር አንድ ላይ አትመልሱ በሚል።

አንቺ አላጭበረበርሽም። ግን ከባንኩ ወንበር ሆነሽ ተመልከቺው። የማይረባ ቼክ ገባ፣ በማግስቱ አብዛኛው ገንዘብ ወጣ፣ ከዚያ ባለ አካውንቷ ስልክም ደብዳቤም አትመልስም። ሌቦች የሚሠሩትም ልክ እንዲሁ ነው። ባንኩ ከአክስትሽ ልጅ ጋር ያደረግሽውን ንግግር አላየም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን ደብዳቤ ከሚያነቡት ውስጥ ነገ እንዲህ ዓይነት ልመና የሚደርሳቸው አሉ። በስልክ ስክሪን ላይ ገንዘቡ ታየ ማለት ቼኩ አለፈ ማለት አይደለም። ባንኩ ደንበኛውን እንዳያጉላላ ብሎ ገንዘቡን ቀድሞ ያሳያል፤ ቼኩ የተጻፈበት ባንክ ግን «ይህ አካውንት የለም» ወይም «ገንዘብ የለውም» ብሎ የሚመልሰው ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በኋላ ነው። ሲመለስ ከአስገቢው ላይ ይቀነሳል። በዜል የሄደው ግን አንዴ ሄዷል፣ ተከትሎ የሚመልሰው የለም። ወንድምም ይሁን የንስሐ ልጅ፣ የሌላ ሰው ቼክ በራስ አካውንት አይገባም። «ስንት ዓመት የማውቀው ሰው ነው» የሚለው አያድንም፤ የሚያውቁት ሰውም ቼኩን ከማያውቀው ሰው ተቀብሎት ሊሆን ይችላል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ፋይሉ ላይ የማጭበርበር ምልክት ካለ በጽሑፍ ተቃወሚ፤ ለኩባንያውም፣ መረጃውን ለላከው ባንክም። ደብዳቤሽ አጭር ይሁን። የሆነውን በቅደም ተከተል ጻፊ፤ ማን ቼኩን እንደሰጠሽ፣ ምን ብሎ እንደጠየቀሽ፣ ገንዘቡን ለማን በስንት ቀን እንደላክሽ፣ ቼኩ የማይረባ መሆኑን እንዳላወቅሽ። ከአክስትሽ ልጅ ጋር የተጻጻፋችሁት በዋትስአፕም በቫይበርም ካለ ስክሪኑን ፎቶ አንሺውና አያይዢው። የዜሉን ደረሰኝም እንዲሁ። በአደራ ደብዳቤ ላኪው፣ ማረጋገጫውንም ያዢ። ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን፣ አንዳንዴ በ45 ቀን ውስጥ አጣርቶ መመለስ አለበት። ባንኩ ያለውን ማረጋገጥ ካልቻለ ይሰረዛል። ባንኩ በአቋሙ ከጸና ደግሞ የራስሽን አጭር መግለጫ ፋይሉ ላይ እንዲያስገቡልሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ኩባንያው በ100 ቃል ሊወስነው ይችላል፣ ስለዚህ ልቅሶውን ትተሽ ነገሩን ብቻ ጻፊ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ ልጅሽን አስጽፊያት። ሚስጥሩን ስታውቅ ታዝንብኛለች ብለሽ አትፍሪ፤ በስሟ አካውንት ከምትከፍቺ ይህን ብታነብ በብዙ ይሻላታል።

ባንኩ ጨርሶ ካልመለሰልሽ፣ ሲኤፍፒቢ የሚባለው የፌዴራል የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በድረ ገጹ ቅሬታ ይቀበላል። ባንክ በደንበኛ ስልክ የማያደርገውን በዚያ መንገድ ሲመጣበት የሚያደርግበት ጊዜ አለ።

ሳይከፈል ቀረ ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ እውነት ነውና ምን ትቃወሚዋለሽ? የቀረው መክፈል ነው። ከመክፈልሽ በፊት ግን ዕዳው አሁን ማን እጅ እንዳለ ጠይቂ። ባንኮች ከዜሮ በታች የቀረን ሒሳብ ቢዘገይ በ60 ቀን ውስጥ እንደማይሰበሰብ ዕዳ አድርገው ከመዝገባቸው እንዲያወጡት የተቆጣጣሪዎች መመሪያ ያዛቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ለዕዳ ሰብሳቢ ሊሸጡት ይችላሉ። ለተሳሳተው ሰው ከፍለሽ ዕዳው እንዳለ እንዳይቀር። ሰብሳቢ ከሆነ የያዘው፣ ዕዳው የአንቺ መሆኑንና ልኩን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልሽ ጠይቂ።

ባንኩ ከሆነ የያዘው፣ ደውለሽ የተዘጉ አካውንቶችን የሚያስተናግደው ክፍል ጋ እንዲያገናኙሽ ጠይቂ። ሙሉውን ባትችዪ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈልን ወይም ቀንሶ መዝጋትን ይቀበሉ እንደሆን ጠይቂ። ቀንሰው ከተቀበሉሽ የተማረልሽ ገንዘብ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ 1099-ሲ የሚባል የታክስ ወረቀት ሊመጣብሽ ይችላል፤ ታክስ ለሚሠራልሽ ሰው ስጪው። ሳትከፍዪ አስቀድመሽ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይዘሽ ተገኚ፤ ስንት ተከፍሎ ዕዳው እንደሚያልቅ፣ ከተከፈለም በኋላ ቼክስ ሲስተምስ ላይ «ተከፍሏል» ተብሎ እንደሚስተካከል። ጨርሰው እንዲያነሱትም ለምኚ። የማንሳት ግዴታ የለባቸውም፤ «ተከፍሏል» ብሎ የማስተካከል ግን አለባቸው፣ ትክክል ያልሆነ መረጃ መላክ አይችሉምና። የከፈልሽበትን ወረቀት ጣሪያው ቢያፈስ የማይረጥብበት ቦታ አስቀምጪ። ቀጣዩ ባንክ ውስጥ ካለችው ሥራ አስኪያጅ ፊት ዘርግተሽ የምታሳዪው እሱን ነው።

«ሦስት ዓመት አልፎት ከሆነ ሜሪላንድ ውስጥ ሊከሱሽ አይችሉም፣ ለምን ትከፍያለሽ?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ስለ ክሱ ያለው ከእውነት ይጠጋል፤ በሜሪላንድ እንዲህ ላለ ዕዳ የመክሰሻው ጊዜ በአጠቃላይ 3 ዓመት ነው። የቼክስ ሲስተምስ መዝገብ ግን 5 ዓመት ነው፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው አያልፍም። አንቺ የተቸገርሽው በክስ ሳይሆን በተዘጋ በር ነው። 1,900 ዶላሩን በየወሩ ከፋፍለሽ መክፈል ከቻልሽ፣ እኔ በበኩሌ ክፈዪው እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቼክ መመንዘሪያ ሱቅ እየሄዱ ከያንዳንዱ ደመወዝ ላይ መቁረጥም ገንዘብ ያስወጣል። ብቻ ዕዳው ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ከሆነ፣ ከመክፈልሽ በፊት ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ቢሮዎችን አንድ ጊዜ አማክሪ።

አሁን የትኛው በር ይከፈትልሻል ወደሚለው። ፋይሉ እስኪጸዳ ባዶ እጅሽን መቀመጥ የለብሽም። «ባንክ ኦን» የሚባል አገር አቀፍ ደረጃ አለ። ይህን ደረጃ ያገኘ አካውንት ለመክፈቻ ከ25 ዶላር በላይ አይጠይቅም፤ የወር ክፍያው 5 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ሊነሳ የሚችል ክፍያ ከሆነ ደግሞ እስከ 10፤ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚጣለው የኦቨርድራፍት ቅጣትም የለውም። ቼክ ደብተር አይሰጥሽም፣ ዴቢት ካርድ ግን አለው፣ ደመወዝም ይገባበታል። ደረጃውን ያወጣው ድርጅት ባንኮች በእርግጥ ያጭበረበረን ሰው ካልሆነ በቀር አዲስ ደንበኛ እንዳይመልሱ አጥብቆ ይመክራል፤ ይህ ግን ምክር ነው፣ ሁሉም አይጠብቀውም። ቼዝ፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካና ዌልስ ፋርጎ በዚህ ደረጃ የሚከፍቷቸው አካውንቶች አሏቸው፤ ብዙ ትንንሽ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖችም እንዲሁ። ስለዚህ ስትሄጂ «አካውንት ልክፈት» አትበዪ። «የባንክ ኦን አካውንት አላችሁ? በቼክስ ሲስተምስ ላይ ያልተከፈለ ሒሳብ ያለበትን ሰው ትቀበላላችሁ?» ብለሽ ከማመልከትሽ በፊት ጠይቂ። ገንዘብ የሚፈልግብሽን ባንክ ግን ሳትከፍዪ አትሂጂበት፣ ድካም ነው።

ክሬዲት ዩኒየን ብትሞክሪ ደስ ይለኛል። አባል መሆን ይጠይቃል፤ አንዳንዱ በምትኖሪበት ካውንቲ፣ አንዳንዱ በምትሠሪበት ቦታ። ግን ብዙ ጊዜ ሰው አግኝተሽ ታስረጃለሽ፣ የ«ተከፍሏል» ወረቀትሽንም የሚያነብልሽ አለ። «የሁለተኛ ዕድል» አካውንት የሚባል የሚከፍቱም አሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ በደንብ ከያዝሽው ወደ መደበኛው ያዞሩሻል። የአብዛኛው ክሬዲት ዩኒየን ገንዘብም እንደ ባንኩ እስከ 250,000 ዶላር በመንግሥት ኢንሹራንስ የተሸፈነ ነው።

አዲሱን አካውንት ስትከፍቺ ከዜሮ በታች ሲወርድ እንሸፍንልሽ ወይ ብለው ከጠየቁሽ፣ አይ በዪ። ከ2010 ጀምሮ በዴቢት ካርድ ለምትገዢውና ከኤቲኤም ለምታወጪው አንቺ ካልፈቀድሽ በቀር የኦቨርድራፍት ክፍያ ሊያስከፍሉሽ አይችሉም። ካርዱ ቢመለስ የሚደርስብሽ ትንሽ ኀፍረት ነው።

ጓደኞችሽ ደግሞ በስልክ ብቻ የሚከፈቱትን ነገሮች ሳይነግሩሽ አልቀሩም፤ ቻይምና የመሳሰሉትን። ቻይም ቼክስ ሲስተምስን አያይም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ይገባበታል። ለደመወዝ መቀበያ መጥፎ ነው አልልም። ግን እንዲህ ያሉት ባንኮች አይደሉም፤ ገንዘቡን ከጀርባ ሌላ ባንክ ነው የሚይዘው። በ2024 ሲናፕስ የሚባል መካከለኛ ኩባንያ ሲከስር በእሱ በኩል በሚሠሩ መተግበሪያዎች ላይ ያስቀመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች ገንዘባቸውን ለወራት ማውጣት አቅቷቸው ነበር፤ ኢንሹራንሱም አልደረሰላቸውም፣ ምክንያቱም የከሰረው ባንክ ሳይሆን መካከል ላይ ያለው ኩባንያ ነው። የሳምንት ወጪሽ እዚያ ይግባ፤ 12,000 ዶላር ግን አታሳድሪበት።

እቁቡ! እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከዕዳው ይልቅ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው ባንክ ስለሚፈራ ከእቁብ ያገኘውን ብር እየከፋፈለ ያስገባል፤ ዛሬ 4,000፣ ሐሙስ 4,000፣ በሚቀጥለው ሳምንት 4,000። «ከአሥር ሺህ በላይ ካስገባሽ ለመንግሥት ይነግራሉ» ተብሏላ። ይነግራሉ፤ እውነት ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ አንድ ቅጽ ሞልቶ ይልካል። ይህ ለሁሉም ሰው የሚደረግ ነው፣ ሬስቶራንት ያላቸው ሐበሾች በየሳምንቱ ይሞላላቸዋል፣ ምንም አይመጣባቸውም። ወንጀሉ ያንን ቅጽ ለማምለጥ ብሎ መከፋፈሉ ነው። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን፣ ከላብሽ የመጣ ቢሆን፣ መከፋፈሉ ብቻውን ያስከስሳል፣ ገንዘቡንም ሊያስወርስ ይችላል። ያ ባይሆን እንኳ ባንኩ ይጠረጥርና አካውንቱን ይዘጋል፤ ለምን እንደተዘጋም አይነግርሽም፣ እንዳይናገር ሕግ ያስገድደዋልና። ከአንድ መዝገብ ሳትወጪ ሌላ ውስጥ መግባት ይሆንብሻል።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን አድርጊ። ለእቁብ ዳኛችሁ ተናግረሽ ዕጣሽን ወደ ኋላ ከሚወጣለት ሰው ጋር ተለዋወጪ፤ ቀድሞ የሚፈልግ ሁልጊዜ ይኖራል፣ አንቺ ደግሞ አካውንቱን ለመክፈት ጊዜ ታገኛለሽ። እኔ ይሄኛው ይሻለኛል። ካልሆነ ግን የእቁቡን ስም ዝርዝር፣ ያዋጣሽበትን ወርና ልኩን የሚያሳይ ወረቀት ከዳኛው አስፈርመሽ ያዢና ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስገቢ። ከየት መጣ ቢሉሽ «እቁብ ነው፣ የራሴ ቁጠባ ነው» ብለሽ ወረቀቱን አሳዪ። በአዲስ አካውንት የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ባንኮች ትልልቅ ቼኮችን ረዘም አድርገው እንዲይዙ ሕጉ ስለሚፈቅድላቸው፣ እቁቡ በቼክ የሚወጣ ከሆነ ገንዘቡን ለቤት ኪራይ ቀን አትጠብቂው። አካውንቱ እቁቡ ሳይመጣ ጥቂት ደመወዝ ቢገባበት ጥሩ ነው፤ በባዶ አካውንት ላይ ድንገት 12,000 ዶላር ሲወርድ ማንም ይደነግጣል።

የወንድምሽን ጉዳይ አታዘግዪው። ፍቺ ሲመጣ ፍርድ ቤቱ ፊት የሚቀርበው የባንክ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ደግሞ የእሱ ነው። ያ ገንዘብ የእኅቴ ነው ቢልም በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል፣ ሚስቱም ደበቀብኝ ልትል ትችላለች። ደመወዝሽ የገባበትን የእያንዳንዱን ወር የባንክ መግለጫ ከእሱ ኮፒ አድርጊ፣ ከደመወዝ ወረቀትሽ ጋር አገናኝተሽ በአንድ ፖስታ አስቀምጪ። ከአሁን ወር ጀምሮ ደግሞ ደመወዝሽን ከእሱ አውጪ። አካውንቱ እስኪከፈት አሠሪሽ የደመወዝ ካርድ ይሰጡ እንደሆን ጠይቂ፤ ፔይሮል ካርድ የሚሉት ነው። ብዙ ጊዜ የቼክስ ሲስተምስ ማጣሪያ የለውም። ክፍያዎች አሉት፣ ስለዚህ በነፃ የሚወጣበት ኤቲኤም የት እንዳለ አስቀድመሽ እዪ።

ስለ ደብዳቤዎቹ አልቆጣሽም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፣ አንቺም ይህን ሳታውቂ ቀርተሽ አይደለም። ከ2023ቱ የፌዴራል ጥናት እንደምናየው በዚህ አገር 5.6 ሚሊዮን ቤተሰብ የባንክ አካውንት የለውም፤ አንቺ ብቻ ነሽ ማለት አይደለም። የድሮው አፓርትመንትሽ አዲስ ተከራይ ደብዳቤ ይዞልሽ እንደሆነ ሄደሽ ጠይቂ። የባንኩ የመጨረሻ ደብዳቤ ላይ የአካውንቱ ቁጥርና ዕዳው ያለበት ክፍል ስልክ ይኖርበታል፣ ብዙ ፍለጋ ያተርፍልሻል።

የቀረው የአክስትሽ ልጅ ነው። አንቺ ከስሰሽው እንዲታሰር አትፈልጊም፣ ይገባኛል፤ ገንዘቡን ግን እሱ በልቶታል ወይም በእሱ በኩል ተበልቷል። በሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጠበቃ የሚታይበት የትንንሽ ክሶች ችሎት አለ። ቅድም ያልኩሽ የ3 ዓመት ገደብ ለአንቺም ይሠራል፣ ለዚህ ነው ዛሬ ነገ አትበዪ የምልሽ። ፍርድ ቤቱን ካልፈለግሽ ሁለት የሚያፍራቸው ሽማግሌዎች ላኪበት፤ እናቱ ባሉበት ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ የምትጠይቂው ገንዘቡን አይደለም፣ ወረቀት ነው። ቼኩን እሱ እንደሰጠሽ፣ በምን ቀን እንደሆነ፣ 2,000 ዶላሩንም በዜል እንደተቀበለ በእንግሊዝኛ ጽፎ ይፈርም፤ ኮፒውን ከተቃውሞ ደብዳቤሽ ጋር ለባንኩና ለቼክስ ሲስተምስ ላኪው። ለመፈረም እምቢ ካለም ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት ያለውን በስልክ መልእክት ጽፈሽለት መልሱን ጠብቂ፤ «አዎ፣ ግን አሁን የለኝም» ብሎ ከጻፈልሽ እሱም ወረቀት ነው።